ለልጄ፦ ያ ሣር አልሞተም

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ወንድምሽ ትናንት ደውሎ ሣርሽ መድረቁን ነገረኝ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ዝም ባልኩ። «ቅዳሜ ሙሉውን ኬሻ ማዳበሪያ ልትበትንበት ነው» ሲለኝ ግን እንቅልፍ አጣሁ። በዚህ ሙቀት ማዳበሪያ እንዳትበትኚ።

የቤትሽ ፊት ለፊት ያለው ብሉግራስ የሚሉት፣ ቀዝቃዛ አየር የሚወድ ሣር ነው። የሚስማማው ከ15 እስከ 24 ዲግሪ ያለ አየር ነው። ሙቀቱ 30 አልፎ ሲሰነብት ቅጠሉን አድርቆ፣ ከአፈሩ ጋር በሚገናኘው አንገቱ ላይ ሕይወቱን ይዞ ይተኛል። አንድ ጭብጥ ያዢና ሳብ አድርጊው፤ ሥሩ እምቢ ካለሽ በሕይወት አለ። የተኛውን በማዳበሪያው ናይትሮጅን ብትቀሰቅሺው ግን የቀረችውን ስንቁን ለቅጠል ያወጣታል፤ ያኔ በእርግጥ ሊሞትብሽ ይችላል።

የጓሮው ሰርዶ ሌላ ነው። ከ27 እስከ 35 ዲግሪ ለእርሱ የደስታው ወቅት ነው፤ ውሃ ካገኘ ጥቂት ማዳበሪያ አይጎዳውም። ይህን ፈቃድ ግን ወደ ፊት ለፊቱ እንዳትወስጂው።

አያትሽ ይህን ያውቅ ነበር። የሰው ግቢ ሣር ይንከባከብ በነበረበት ዘመን፣ በአንድ ብርቱ በጋ ባለቤቱ «ማዳበሪያ ጨምርበት» ብሎ አዘዘው። እምቢ አለ፤ ተባረረ። በእርሱ ቦታ የተቀጠረው ሰው በተነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ከአባቴ ጋር በዚያ ስናልፍ፣ እጅ የወረወረበት መስመር ሁሉ ተቃጥሎ ይታይ ነበር። ፈረደልኝ ብሎ ይደሰታል ብዬ ጠብቄ ነበር። አጥሩን ይዞ ረጅም ጊዜ ቆመና «ምን አደረገ ይህ ሣር?» አለ። ከዚያ በኋላ የሰው ሣር አልነካም። ስለ ሥራው ሌላ ምን ያውቅ እንደነበር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ የሚጠይቀው ሰው ሳያገኝ ሄደ።

አንቺም የእርሱ ልብ አለሽ፤ የሚደርቅ ነገር ማየት አትችይም። ትዕግሥቱን ግን አልወረስሽም።

አሁን ስሚኝ። የማጨጃውን ስለት አስሞርጂ፤ ደነዝ ስለት ሣሩን ይቦጫጭቀዋል። ብሉግራሱን ከ7 እስከ 9 ሴንቲሜትር አቆይው፤ ከተኛ ጭራሽ አትጨጂው። ከዛፉ ሥር ያለው ፌስኪዩ የሚሉት ሣርም ረዘም ይበል፤ ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ ከብሉግራሱ ይልቅ ድርቁን ይችላል። ሰርዶው ከ3 እስከ 5 ይበቃዋል። የትኛውንም ቢሆን በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሲሶ በላይ አትቁረጪ።

ውሃ በማለዳ ብቻ። ማታ ካጠጣሽ ቅጠሉ እርጥብ አድሮ ፈንገስ ይይዘዋል። ባዶ ቆርቆሮ ሣሩ መሃል አስቀምጪና ለኪ፦ አረንጓዴ ሆኖ እንዲቆይ ከፈለግሽ በሳምንት 2.5 ሴንቲሜትር ያህል፣ በአንድ ወይም በሁለት ጊዜ። ይተኛ ካልሽ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ነፍሱን ያቆይለታል። አንዱን ምረጪ፤ ዛሬ ቀስቅሰሽ ነገ መልሰሽ አታስተኚው፤ ያደክመዋል። በላዩ ላይም ሰው አይመላለስ።

በቀትር ፀሐይ ራስሽም ውጭ አትቁሚ፤ ራስ ምታትሽ እንደሚነሣብሽ ታውቂያለሽ።

ማዳበሪያው ለብሉግራሱ አየሩ ሲቀዘቅዝ ይደርሳል፤ እስከዚያ በደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ቅዳሜ ማለዳ እደውላለሁ። ከዚያ በፊት የኬሻውን ፎቶ ላኪልኝ፤ አፉ እንደተሰፋ ማየት እፈልጋለሁ።

አባትሽ