በጀርባዋ ከተንጋለለች አትንኳት

ታራንቱላ የሚባሉትን ትላልቅ ጸጉራም ሸረሪቶች የምናሳድግ ውድ አባላት፣

ባለፈው ሳምንት ከመካከላችን አንዱ «ሞተችብኝ» ብሎ የላከው በጀርባዋ የተንጋለለች ታራንቱላ ፎቶ ብዙዎቻችንን አስደንግጦ ነበር። ታራንቱላዋ ግን ቆዳዋን ልትቀይር ነበር የተንጋለለችው። የምትሞት ታራንቱላ አብዛኛውን ጊዜ በሆዷ እንደተኛች እግሮቿን ከሥሯ አጣጥፋ ነው የምትገኘው። ስለዚህ የተንጋለለችውን አትገልብጧት፣ ውሃም አትርጩባት። በሳጥኗ ውስጥ በሕይወት ያለ ፌንጣ ካለ ግን ቶሎ አውጡ፤ ገላዋ ገና ለስላሳ ሳለ ሊበላት ይችላል። አዲሶቹ የመርዝ ጥርሶቿ መጀመሪያ ነጭ ናቸው፣ ቀጥሎ ይቀላሉ፤ እስኪጠቁሩ ምግብ አትስጧት።

የወለቀውን ቆዳ አትጣሉ። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ቀስ ብላችሁ ብትዘረጉት፣ ከሆዱ ውስጠኛ ገጽ ጾታዋን መለየት ይቻላል።

ለማራባት ያሰባችሁ፣ ወንዱን ከማስገባታችሁ በፊት ሴቷን በደንብ መግቡ። የተራበች ሴት ሙሽራዋን ራት ታደርገዋለች፤ እኔ አንዱን እንዲህ ነው ያጣሁት። ቆዳ ልትቀይር የተቃረበችውንም አታገናኙ፤ የያዘችው የወንዱ ዘር ከቆዳው ጋር አብሮ ይወገዳል።

ፎቶ ስታነሱ ብርሃኑን ከጎን አድርጉ፤ ከፊት ሲመታት የጸጉሯ ውበት ይጠፋል። ከአሜሪካ አህጉሮች የመጡ ብዙዎቹ ዝርያዎች የሆዳቸውን ጸጉር በኋላ እግራቸው ይበትናሉና ፊታችሁን አታቅርቡ፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ለብዙ ጊዜ ያሠቃያል።