የባዮሎጂ ክበብ ዘገባ፦ ጡንቻስ የሚለቀው በማን ትእዛዝ ነው?

የዘንድሮው ዕቅዳችን ሰፊ ነበር። የደም ዓይነት ምርመራ፣ የችግኝ ጣቢያ፣ የቦርከና ወንዝ ውሃ ጥናት፣ የነርቭና የጡንቻ ሥራ። ወረቀት መቼም ሁሉን ይችላል። ሥራ የጀመርነው ከመጨረሻው ርዕስ ነው። ከእሱ ሳንወጣ ሰኔ ገባ። «ዓመቱን ሙሉ አንድ ነገር ላይ?» ብለው የጠየቁኝ የሥራ ባልደረቦች አሉ። አዎ፣ አንድ ነገር ላይ። ችግኙ ለአካባቢ ጥበቃ ክበብ ተላልፏል፤ እነሱም በደንብ ይዘውታል።

ጥፋቱ፣ ጥፋት ከተባለ፣ የአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። በጥቅምት የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ነርቭ ጡንቻን እንዴት እንደሚያዝ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ ስጨርስ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ትእዛዝ ሲመጣ ጡንቻው ይኮማተራል፤ እሺ። የሚለቀውስ በማን ትእዛዝ ነው?» አለች። ክፍሉ ሁለት ቦታ ተከፈለ። አብዛኞቹ «ልቀቅ» የሚል ሌላ ነርቭ ይኖራል አሉ። ጥቂቶቹ ጡንቻው ሲደክመው ራሱ ይለቃል አሉ። ሁለቱም አይደለም። ወደ ጡንቻዎቻችን የሚሄደው ነርቭ «ያዝ» ማለት ብቻ ነው የሚችለው። «ልቀቅ» የሚል ነርቭ ወደ አፅም ጡንቻ፣ ማለትም አጥንት ወደሚያንቀሳቅሰው ጡንቻ፣ አይሄድም። እንግዲህ የዓመቱ ሥራችን ከዚህ ተነሳ።

መጀመሪያ ግን ትእዛዙ በምን ፍጥነት እንደሚደርስ እንይ ተባባልን። ለዚህ ማስመሪያ ይበቃል። አንዱ ማስመሪያውን ከላይ ይይዛል፤ ሌላው ከሥር ጣቶቹን ከፍቶ ይጠብቃል። ሳይነገረው ይለቀቅበታል። 20 ሳንቲሜትር ላይ ከያዘው 0.2 ሴኮንድ ፈጅቶበታል። ቀመሩን ከፊዚክስ ትምህርት ያውቁታል፤ ባዮሎጂ ክፍል ውስጥ ሲያዩት ግን ገረማቸው። ቀጥሎ ሒሳብ ሠራን። በሰው ክንድ ነርቭ ውስጥ መልእክት በሴኮንድ ከ50 እስከ 60 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከአንገት ሥር እስከ ጣት ድረስ አንድ ሜትር ቢሆን ነው። ስለዚህ መንገዱ ራሱ 0.02 ሴኮንድ ገደማ ብቻ ይወስዳል። የቀረው ጊዜ የት ገባ? አብዛኛው ዓይን አይቶ አንጎል እስኪወስን ነው። ይህን የሰሙ የእግር ኳስ በረኞቻችን እጃቸው እንዳልዘገየ ለሁሉም ሲያስረዱ ሰነበቱ።

የነርቭን ፍጥነት መጀመሪያ የለካው ጀርመናዊው ሄልምሆልትዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1850 አካባቢ፣ በእንቁራሪት ነርቭ ላይ። እሱ ያገኘው በሴኮንድ 30 ሜትር ገደማ ነበር። እንቁራሪት ለዚህ ሳይንስ የከፈለችው ዋጋ ብዙ ነው። ጣሊያናዊው ጋልቫኒ በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ በቦሎኛ የሞተ እንቁራሪት እግር በኤሌክትሪክ ሲፈራገጥ አይቶ ነው ዓለምን ጉድ ያሰኘው። እኛ ግን እንቁራሪት አልነካንም።

የጋልቫኒ ታሪክ ልጆቹን ወደ አንድ ስህተት ይመራል። ነርቭ ሽቦ ነው፣ ጡንቻ አምፖል ነው፣ ኤሌክትሪኩ ቀጥታ ይገባል ብለው ያስባሉ። አይገባም። በመሃል ክፍተት አለ። ስፋቱ 50 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ ከአንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት ከሺህ እጥፍ በላይ ያንሳል። በ19ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳዊው ክሎድ በርናር ኩራሬ የተባለውን የደቡብ አሜሪካ የቀስት መርዝ ለእንቁራሪት ሰጠ። ነርቩን ሲነካው ጡንቻው ዝም አለ። ጡንቻውን ራሱን በኤሌክትሪክ ሲነካው ግን ተኮማተረ። ጡንቻው ደህና ነው ማለት ነው። የተቋረጠው መገናኛው ነው።

በክፍተቱ ላይ የሚሻገረው ኬሚካል መሆኑን ለማወቅ ግን ብዙ አሥርት ዓመታት ፈጀ። ኦቶ ሎዊ እ.ኤ.አ. በ1921 ያሳተመውን ሙከራ በሕልሙ ነው ያገኘው። እሱ ራሱ እንደተረከው ሌሊት ነቅቶ ሐሳቡን ወረቀት ላይ ጫረ። ሲነጋ የገዛ ጽሑፉን ማንበብ አቃተው። በማግስቱ ሌሊት ሕልሙ ሲመለስ ግን ወረቀት አልፈለገም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ላቦራቶሪ ሄደ። የእሱ ሙከራ በእንቁራሪት ልብ ላይ ነበር። በአፅም ጡንቻ ላይም የሚሠራው አሲታይልኮሊን እንደሆነ እነ ሄንሪ ዴል አሳዩ። ሁለቱ እ.ኤ.አ. የ1936ቱን የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ከዚህ ታሪክ በኋላ የተማሪዎቼ የእጅ ጽሑፍ ይሻሻላል ብዬ ነበር። አልተሻሻለም።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ምልክቱ ነርቩ ጫፍ ሲደርስ አሲታይልኮሊን በክፍተቱ ውስጥ ይለቀቃል። በጡንቻው ሽፋን ላይ ያሉ ተቀባዮችን ይከፍታል። ሶዲየም ሲገባ በጡንቻው ላይ ሌላ የኤሌክትሪክ ምልክት ይነሳል። ይሄ ምልክት በቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ውስጥ ወርዶ የተከማቸውን ካልሲየም ያስለቅቃል። እዚህ ላይ ሁሌም የሚጠበቀው ጥያቄ መጣ፦ «ካልሲየም የአጥንት አይደለም እንዴ?» የአጥንትም ነው። ግን ያለ እሱ ጣትህንም አታጥፍም።

ከዚህ በኋላ ያለውን በሰሌዳ ማስረዳት ስለከበደኝ በየካቲት ሜዳ ወጣን። የስፖርት ክፍሉን የጉተታ ገመድ ተዋስን። ገመዱ አክቲን ነው። የሚጎትቱት ልጆች ማዮሲን ናቸው፤ ሁለቱም የጡንቻ ፕሮቲኖች ናቸው። በገመዱ ላይ ነጠላ አለበስንበት፤ ይሄ ትሮፖማዮሲን ነው፤ መያዣ ቦታውን ይሸፍናል። «ካልሲየም» የተባሉት ልጆች ሮጠው ነጠላውን ሲገፉት ማዮሲኖቹ ገመዱን ያዙ፣ ሳቡ። ሕጉ አንድ ነው። አንዴ የያዘ እጅ «ኤቲፒ» (ለሴል ጉልበት የሚሰጠው ሞሌኪዩል) የተጻፈበት ወረቀት ካልተሰጠው መልቀቅ አይችልም። ሲሰጠው ይለቃል፣ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ እንደገና ይይዛል፣ ይስባል። ገመዱ ራሱ አላጠረም። ተንሸራተተ እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1954 ሁለት ሁለት ሆነው የሠሩ ተመራማሪዎች፣ አንድሪው ሃክስሊ ከኒደርገርከ፣ ሂው ሃክስሊ ከጂን ሃንሰን፣ ለየብቻ ያቀረቡት ሐሳብ ይሄው ነው። ሁለቱ ሃክስሊዎች ዘመዳሞች አይደሉም፤ ጥያቄው ስለበዛ ነው የጻፍኩት።

ጨዋታው መሃል ላይ ወረቀቱ አለቀ። ሁሉም ገመዱን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ወረቀት አዳዩ ባዶ ኪሱን ገልብጦ አሳየ። ሳቅ ሆነ። ያቺው የጥቅምቷ ልጅ ገመዱን ሳትለቅ «ቲቸር፣ እንግዲህ ሞትን ማለት ነው!» አለች። ትክክል ናት። የሞተ አካል የሚደርቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ኤቲፒ ያልቃል፤ ማዮሲን አክቲንን እንደያዘ ይቀራል። ካልሲየምን ወደ ማከማቻው የሚመልሰው ፓምፕም ኤቲፒ ይፈልጋል። ስለዚህ መልቀቅ ዕረፍት አይደለም፤ ጉልበት ይበላል። ለእኔ የዓመቱ ትምህርት ይቺ ናት።

ከዚህ ቀደም ብለን ለበዓል የቤት ሥራ ሰጥተን ነበር። ክርስቲያኖቹ በገና፣ ሙስሊሞቹ በዒድ፣ በግ ሲታረድ ሥጋውን እንዲመለከቱ። ወሎ ስለሆንን ሁለቱም ዓይነት ማስታወሻ ደረሰን፤ አንዱ ከሌላው ልዩነት የለውም። ትኩስ ሥጋ ቢላ ሲያርፍበት ይርገበገባል። ጨው ሲነሰነስበት ይብሳል። በጉ ነፍስ ስላለው አይደለም። የጡንቻው ሴሎች ገና ኤቲፒ ስላላቸው ነው፤ ጨውም በሽፋናቸው ላይ ያለውን የአዮን ሚዛን ስለሚያናጋ ነው። ከሰዓታት በኋላ ያው ሥጋ ይደርቃል። አንዱ ልጅ የታፋውን ሥጋ በየሰዓቱ በጣቱ እየተጫነ መዝግቧል። «አሁን ለስላሳ»፣ «አሁን መለስ ይላል»፣ «አሁን እንደ እንጨት»። እናቱ «ሥጋውን ተወው አንተ ልጅ!» ማለታቸውንም ከነሰዓቱ ጽፎታል። ጥሩ ሳይንቲስት ይወጣዋል።

ከሁለተኛው ሴሚስተር አጋማሽ ጀምሮ ነገሩ ከጨዋታ ወጣ። አሲታይልኮሊን ሥራውን ከጨረሰ በኋላ በክፍተቱ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ይሰባብረዋል። አንዱ የኢንዛይም ሞሌኪዩል በሴኮንድ በሺዎች የሚቆጠሩትን ያፈርሳል። «ያዝ» የሚለው ትእዛዝ የሚቆመው እንዲህ ነው። እንደ ማላታይን ያሉ ፀረ ተባዮች ደግሞ ይህን ኢንዛይም ያስሩታል። ትእዛዙ አይቆምም። ሰውየው ያልበዋል፣ ምራቁ ይዝረበረባል፣ ጡንቻው ይርገበገባል፤ ከዚያ ይዝላል። የሚገድለው የመተንፈሻ ጡንቻ ሲዝል ነው። ከተማሪዎቻችን ብዙዎቹ ከገጠር ናቸው። እህል በመድኃኒት ሲታሽ በባዶ እጅ መሆኑን፣ ጣሳው ተጥቦ ውሃ እንደሚጠጣበት ነገሩን። በሚኒ ሚዲያ ሦስት ሳምንት ሙሉ የተናገርነው ስለዚህ ነው፦ ጓንት፣ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ፣ ጣሳውን መቅበር፣ የታመመውን ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ማድረስ። የጠዋት ሰልፍ ላይ በጦሳ ተራራ ብርድ እየተንቀጠቀጡ የሚሰሙት ልጆች ራሳቸው የጡንቻ ማሳያ ነበሩ። መንቀጥቀጥ ማለት ጡንቻ ኤቲፒን እያቃጠለ ሙቀት ሲያወጣ ነው።

ስለ መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ባጭሩ ልለፈው። የቴታነስ መርዝ በነርቩ ተስቦ ህብለ ሰረሰር ይገባል። እዚያ የነርቮቹን ልጓም የሚይዙትን ሴሎች አፍ ያዘጋል። ሰውነት እንደ ቀስት ይወጠራል። ክትባት አለው፤ ክትባቱን ውሰዱ።

ጓያ ግን በአጭሩ የሚታለፍ አይደለም። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ አያቷን ጠይቃ መጣች። አያትየው «የኔ ልጅ፣ ጓያ የሚሰብረው እንፋሎቱ ነው፤ ማሳው ውስጥም መሄድ ደግ አይደለም» አሏት። ይሄ እምነት በአገሩ ሰፊ ነው። ሰባሪው እንፋሎቱ አይደለም። በፍሬው ውስጥ ኦዳፕ የተባለ አሚኖ አሲድ አለ። ጓያን በቂጣም በንፍሮም በሽሮም ለወራት ዋና ምግብ ያደረገ ሰው ላይ ይህ መርዝ ከአንጎል ወደ ህብለ ሰረሰር የሚወርዱትን ነርቮች ይጎዳል። እግር ላይ ያለው ጡንቻ ደህና ነው። ጡንቻውን የሚያዘው ነርቭም ደህና ነው። ከላይ ሆኖ የሚያለዝበው ነው የጠፋው። ስለዚህ እግሩ ሁሌ የተወጠረ ይሆናል፤ ሰውየው በጣቶቹ እየረገጠ፣ ጉልበቱ እየተሳሰረ ይሄዳል። ከደረሰ በኋላ አይድንም።

ልጆቹ «ታዲያ ለምን ይበሉታል?» አሉ። መልሱን ከገጠር የመጡት ሰጡ። ዝናብ ሲቀር የሚቀረው እሱ ስለሆነ ነው። ድርቅ ይችላል፣ ርካሽ ነው። «አትብሉ» ብሎ መስበክ ስለማያዋጣ ሌላ ነገር ነው ያስተማርነው። ጓያውን ማሳደር፣ የተነከረበትን ውሃ መድፋት፣ በብዙ ውሃ ቀቅሎ ያንንም መድፋት፣ ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል። መርዙን ይቀንሰዋል፤ ፈጽሞ አያጠፋውም። ልጅቷ ይህን ለአያቷ ስትነግራቸው «እንዲያማ ከሆነ እንፋሎቱም አብሮ ይደፋል» ብለው ተስማሙ። እኔ አልተከራከርኩም።

ያልተሳካም አለ። የጡንቻ ናሙና በማይክሮስኮፕ ለማየት ያሰብነው ቀረ፤ የሚሠራው ማይክሮስኮፕ አንድ ብቻ ነው፤ መስመሮቹን ጥርት አድርጎ አያሳይም። የደም ዓይነት ምርመራውም ኬሚካሉ በጊዜ ባለመገዛቱ አልተካሄደም።

ገመዱ ለስፖርት ክፍል ተመልሷል። ነጠላው ግን ባለቤቱ አልታወቀም፤ መምህራን ማረፊያ ክፍል አለ። የክበቡ ምዝገባ በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ይጀምራል። የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችም መመዝገብ ይችላሉ። ጥያቄ ይዛችሁ ኑ።