በፊት ለፊት በር ገባን፤ እግዜር ይስጥልን

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ኅዳር 24 የከፈትነው የሥዕል ኤግዚቢሽን እሁድ ማታ ተዘጋ። ይኸው ሦስት ቀን ሙሉ ይህን ምስጋና ልጽፍ እቀመጥና ዕንባዬ እየቀደመኝ እተወዋለሁ። ዛሬ ግን እጨርሰዋለሁ።

ምን እንዳለፍን ታውቃላችሁ። መጀመሪያ የተፈቀደልን አዳራሽ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ሊፍቱም አይሠራም። «ሰው ተሸክሞ ያወጣችኋል» የተባልንበትን ቀን አልደግመውም። ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ አካል ጉዳተኛ የሚገባበት መንገድ ይኑረው ያለው የሕንፃ አዋጅ የወጣው በ2001 ዓ.ም. ነው። ይሁን፤ ዛሬ የመጣሁት ላመሰግን ነው።

የሽሮ ሜዳ እድራችን፣ አዳራሹንም ወንበሩንም በነፃ ስለሰጣችሁን ተባረኩ። የሰፈራችን ሸማኔዎች፣ ግድግዳውን ያለበሳችሁበት ነጭ ጨርቅ ሥዕሎቻችንን አደመቀልን። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዎቻችን፣ እጃችሁ ይባረክ።

አናጢው ጋሼ፣ እርስዎን ግን በአንድ መስመር ማለፍ አልችልም። «ስሜን እንዳታነሺ» ስላሉኝ አላነሳም።

የእድሩ አዳራሽ በር ላይ ሦስት ደረጃ አለ፤ እያንዳንዱ 15 ሳንቲ። በእግሩ ለሚሄድ ሰው ምንም አይደለም፤ በዊልቸር ለምሄደው ለእኔ ግን ተራራ ነው። መጀመሪያ የሠሩት ራምፕ፣ ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት ማለት ነው፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ነበር። ቀጥ ያለ መሆኑን አይቻለሁ፤ ግን ሰው ማስቸገር ሰልችቶኝ ዝም አልኩ። እርስዎ «እስቲ ወንበርሽን አውሺኝ» አሉ። ልጆቹ አግዳሚው ላይ አስቀመጡኝ፤ እርስዎ ዊልቸሬ ላይ ተቀመጡና ጎማውን መግፋት ጀመሩ። ግማሽ ላይ ሲደርሱ ወደ ኋላ ተንሸራተተብዎ፤ ልጆቹ ደርሰው ያዙዎት። ላብዎን ጠረጉና አዩኝ። «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዘመን እንዲህ ነው የምትወጪው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። አሁንም ስጽፈው ጉሮሮዬን እያነቀኝ ነው።

ያኑ ማታ አፈረሱት። ለ1 ሳንቲ ከፍታ 12 ሳንቲ ርዝመት ያስፈልጋል ስልዎት፣ ጆሮዎ ላይ የነበረውን እርሳስ አውርደው ሞራሌው ላይ አሰሉት፤ 5 ሜትር ከ40። እንጨቱ አልበቃም። ለደንበኛዎ አልጋ ያዘጋጁትን ጣውላ ከሱቅዎ አምጥተው ጨመሩበት። ጎማው እንዳያንሸራትት ኮምፔንሳቶውን ቀለም ቀቡና ሳይደርቅ አሸዋ ነሰነሱበት። ማንም አላዘዘዎትም።

ሥዕሎቹን ስንሰቅል ደግሞ «ተቀምጠሽ ዓይንሽ የት ይደርሳል?» ብለው ሜትርዎን ዘረጉ። 1 ሜትር ከ15። የ11 ሰዓሊያን 43 ሥዕሎች በሙሉ በዚያ ልክ ተሰቀሉ። ቆሞ የመጣው ሰው ጎንበስ ብሎ አየ። በሥዕል ሕይወቴ አንገቴን ሳላቀና ኤግዚቢሽን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ለስንት ዓመት በጓሮ በር፣ በዕቃ መግቢያ፣ በሰው ትከሻ ገብቻለሁ። ኅዳር 24 ጠዋት ግን ጎማዬን በራሴ እጅ እያሽከረከርኩ በፊት ለፊት በር ገባሁ። ቀኑ ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ዙሪያ የአካል ጉዳተኞች ቀን ተብሎ ይከበራል፤ ለእኔ በዓል የሆነልኝ ግን ዘንድሮ ነው።

የብሬሉን ጽሑፍ የሠራህልን መምህር ወንድሜ፣ ሰበታ መርሐ ዕውራን የተማርከውን ለእኛ አወረስከን። በብሬል ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ስለሚጻፍ ርዕሶቹ ካሰብነው በላይ ረዘሙ፤ አንተም አንድ በአንድ ስትወጋ አደርክ። «እባክዎ ይንኩ» የሚለውን ጽሑፍ በጣቶቻቸው አንብበው፣ የሸክላውን የእናት ፊት ከግንባሩ እስከ አገጩ ቀስ ብለው የዳሰሱትን አዛውንት መቼም አልረሳቸውም።

ቡና ያፈላችሁ እናቶች፣ ሸራ የተሸከማችሁ የሰፈር ልጆች፣ ቀለም የገዛችሁልን፣ ከሩቅ ደውላችሁ ያበረታታችሁን ሁሉ፣ ብድራችሁን እግዜር ይክፈለው። ስማችሁን ወይም ሥራችሁን ሳልጠራ የቀረሁባችሁ፣ ረስቼ እንጂ ንቄ አይደለምና ይቅር በሉኝ። አይ፣ ውሃ ልክ ያዋስከን ልጅ! አንተም ተባረክ።

ጋሼ፣ እሁድ ማታ ራምፑን ሊነቅሉ የመጡትን ልጆች የእድሩ ሊቀመንበር «ተዉት፣ እዚሁ ይሁን» አሏቸው። እርስዎ አልነበሩም፤ እንዲሰሙት ብዬ ነው። የእንጦጦ እንጨት ተሸካሚዎችን የሣልኩበትን፣ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው ያዩትን ሥዕል ደግሞ አልሸጥኩትም። የድካሜን ዋጋ አልቀበልም ብለዋል፤ እሱን ግን እምቢ እንዳይሉኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ይዤው ሱቅዎ እመጣለሁ።