የቁስለኛን ማህደር ቁስለኛው እንዲፈልግ አታድርጉት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሰሞን አንድ ጸሐፊ በገጻችሁ ላይ «ጦር ሜዳ ቆሰልኩ የሚል ሁሉ ይጣራ» ብለው መጻፋቸውን አነበብኩ። ይጣራ፤ እኔም እላለሁ። ያልተዋጠልኝ «ወረቀት ማምጣት ያልቻለ ዋሽቷል ማለት ነው» የሚለው መደምደሚያቸው ነው። በደርግ ጊዜ ሰሜን ውስጥ የሻለቃ ጸሐፊ ነበርኩ። አሁን እዚህ ጅማ ተቀምጬ ለቀድሞ ወታደሮች የጡረታ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ወረቀቱ እንዴት እንደሚሠራም እንዴት እንደሚጠፋም አውቃለሁ።

የአንድ ወታደር መቁሰል የሚመዘገበው አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። በየጠዋቱ ከየሻምበሉ የሰው ኃይል ሪፖርት ይመጣል፦ ያለ፣ ፈቃድ የወጣ፣ ሕክምና የገባ፣ የከዳ። ትናንት «ያለ» የተባለ ሰው ዛሬ «ሕክምና» ከተባለ፣ ምክንያቱ ባይጻፍም ቀኑ ተጽፏል። ሕክምና ጣቢያው የራሱ መዝገብ አለው። የተቀበለው ሆስፒታል ካርድ ያወጣል። ፔሮሉ ላይ የዚያን ወር ደመወዝ የት ሆኖ እንደተቀበለ ይታያል። በጉዳቱ ምክንያት በሐኪሞች ቦርድ ከሠራዊቱ ከወጣ ደግሞ የቦርዱ ውሳኔ አለ። ስለዚህ ማጣራት ሲባል የግል ማህደሩን ብቻ ከፍቶ «እዚህ ውስጥ የለም» ብሎ መዝጋት ማጣራት አይባልም። አንዱ ከጠፋ ሌላው ይፈለጋል።

ይህ ግን መደርደሪያው ላለለት ሠራዊት ነው። በመጋቢት 1980 ኤርትራ ውስጥ አፋቤት ላይ የደርግ ጦር የነበረው ናደው ዕዝ ሲፈርስ ሰው ነፍሱን ይዞ ነው የወጣው እንጂ ፋይል ይዞ አይደለም። በግንቦት 1983 አሥመራ ስትያዝም እንደዚያው። ሠራዊቱ ገሚሱ ወደ ሱዳን፣ ገሚሱ በእግሩ ወደ መሀል አገር ተበተነ፤ ከዚያም በመንግሥት ውሳኔ ጭራሽ ፈረሰ። ለዚያ ዘመን ወታደር «ከክፍልህ ደብዳቤ አጽፍ» ማለት ምን ማለት ነው? ክፍሉ የለም። አዛዡ የለም። ማኅተሙ የለም። ከ1990 እስከ 1992 በባድመና በጾሮና ግንባር የቆሰለው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ያዘመተው ተቋም ዛሬም ቆሞ አለ፤ ወረቀቱም ያለው እሱው ዘንድ ነው። እሱንም «አንተው አምጣ» ማለት የባሰ ነው።

አንድ አዛውንት ልጥቀስ። ከሰቃ ጨቆርሳ እየመጡ ነው የሚያጽፉኝ። በብሔራዊ ውትድርና የዘመቱ ናቸው። የግራ ታፋቸው ውስጥ ፍንጣሪ አለ። ራጁን መስኮት ላይ አድርገን ስናየው ከአጥንቱ አጠገብ ሦስት ነጫጭ ነጥቦች ቁልጭ ብለው ይታያሉ፤ አንደኛው የምስር ፍሬ ያክላል። የላኳቸው ቢሮ «ጦርነት ላይ የቆሰሉ መሆናቸውን ሐኪም ይጻፍ» አለ። ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው፤ በትሕትና «አባባ፣ ብረት መኖሩን እጽፋለሁ፣ ምን ያህል እንደጎዳዎትም እጽፋለሁ፤ የት እንደገባ ግን አላየሁም» አላቸው። ልክ ነው። ያላየውን ቢጽፍ ኖሮ ነበር ጥፋቱ። ቢሮው ግን የሐኪሙን ወረቀት አይቶ «ይሄ ጦርነት አይልም» ብሎ መለሳቸው። እንግዲህ ሐኪሙ ወደ መዝገብ፣ መዝገብ ያዡ ወደ ሐኪም ሲላላኩ፣ መሀል ላይ የሚያነክሱት እሳቸው ናቸው።

በዚያ ላይ የስም ጣጣ አለ። የጅማ ሰው ስንቱ አባቱ «አባ» እገሌ ነው። ማሠልጠኛ ሲገባ «አባ»ው ተትቶ ተጻፈ፣ ወይም አያትየው አባት ሆነው ተመዘገቡ፤ ቀበሌ መታወቂያ ላይ ሌላ፣ ማህደር ላይ ሌላ። ኮምፒውተር ላይ የመታወቂያው ስም ብቻ ተመትቶ «የሉም» ይባላል። መለያ ቁጥራቸውን፣ የገቡበትን ዙርና ማሠልጠኛውን የጠየቀ ግን የለም። እኝህ ሰውዬ መለያ ቁጥራቸውን እስከ ዛሬ በቃላቸው ይወጡታል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ጥያቄው ራሱ የተምታታ መሆኑ ነው። ጉዳቱ አለ ወይ? ይህ የሐኪም ነው። በአገልግሎት ላይ ሳሉ ነው ወይ የደረሰው? ይህ የመዝገብ ነው። ውጊያ ላይ ነው ወይስ በሌላ ግዳጅ? ይህ ለክብርና ለሜዳልያ ትልቅ ነገር ነው፤ ለጡረታው ግን የሚሰጠውን ያህል ክብደት የለውም። የጡረታ ሕጉ፣ የቀድሞው አዋጅ ቁጥር 714/2003ም ሆነ የተካው 1267/2014፣ የሚለው «በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት» ነው። ስንቅ ጭኖ ሲሄድ ኦራል የተገለበጠበት ሹፌርም ግዳጅ ላይ ነበር። ይህን የነገረው ስለሌለ ግን ሹፌሩ ቢሮ ሲገባ «ጥይት ነው» ይላል። ሐኪሙ የጥይት ጠባሳ ያጣበታል፤ ሰውዬው ውሸታም ተብሎ ይወጣል፤ እውነተኛው ጉዳቱም አብሮ ይቀራል። ስንቱን እውነተኛ ሰው በገዛ ጥያቄያችን እንዲዋሽ እንዳደረግነው ጸሐፊው ቢያስቡልኝ ደስ ይለኛል።

አስመሳይ የለም እያልኩ አይደለም። አለ፤ እኔም ዘንድ ይመጣል። ካራማራ ላይ ቆሰልኩ ያለኝ ሰው ነበር። ካራማራ የካቲት 26 ቀን 1970 ነው፤ መታወቂያው ደግሞ የ1959 ልጅ ነው ይላል። (በእርግጥ እኛ አገር መታወቂያ ላይ ዕድሜ መቀነስ ያለ ነገር ስለሆነ በዚህ ብቻ አልፈረድኩበትም።) የትኛው ክፍል ነበርክ፣ ማን አነሣህ፣ በምን ተጫንክ፣ የት ሆስፒታል ተኛህ ስለው ግን ወሬው ሁሉ ስለ ድሉ ብቻ ሆነ። የቆሰለ ሰው እንደዚያ አያወራም። ቀኑን ሊስት ይችላል፣ ወሩንም፤ ማን እንደተሸከመው፣ አጠገቡ ማን እንደተኛ፣ መኪናው ውስጥ ውኃ የከለከሉትን ግን አይረሳም። መጠየቅ የሚያውቅ ሰው በግማሽ ሰዓት ይለየዋል። የተባሉት ክፍልና ሆስፒታል በዚያ ጊዜ በዚያ አካባቢ እንደነበሩ ማመሳከር ነው የሚቀረው።

ስለ ምስክርም እንዲሁ። ሦስት ሰው አምጣ ይባላል፤ ሰውዬው የዕድር ጓደኞቹን ይዞ ይሄዳል። እነሱ የሚያውቁት ሲያነክስ ነው፣ ሲመታ አይደለም። አንድ የሻምበሉ ሰው ከተገኘ ከዐሥር የሰፈር ሰው ይበልጣል፤ ያ ሰው ደግሞ ጎንደር ወይም ሐረር ሊኖር ስለሚችል ቃሉን እዚያው ባለበት መቀበል የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ነው።

የወረቀት መጥፋት እኛን ብቻ ያገኘ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ፣ ሴንት ሉዊስ አጠገብ ያለው የወታደር ማህደር ማከማቻ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በሐምሌ 1973 ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርስ ማህደር ወድሟል። እነሱ «ማህደርህ ተቃጥሏል፣ ደህና ሁን» አላሉም። ከደመወዝ ሰነድ፣ ከሆስፒታል መዝገብ፣ ከክፍሎች የጠዋት ሪፖርት እየለቀሙ የሰውን አገልግሎት መልሰው ይገጥማሉ። ሕጋቸውም ውጊያ ላይ መዋሉ ለታወቀ ወታደር፣ የሚለው ነገር ከነበረበት ሁኔታ ጋር ከሄደና የሚያፈርሰው ግልጽ ማስረጃ ከሌለ፣ የጉዳቱ መዝገብ ባይገኝም ቃሉን ይቀበላል። ሀብታም ስለሆኑ ነው የሚል ይኖራል። ማህደሩን ፈልጎ የሚያገኘው ማን ይሁን የሚለውን መወሰን ግን ገንዘብ አይጠይቅም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አመልካቹ መለያ ቁጥሩን፣ ክፍሉን፣ የቆሰለበትን ቦታና የታከመበትን ሆስፒታል ይናገር፤ ለመከላከያም ለሆስፒታሉም ደብዳቤ የሚጽፈው ግን ቢሮው ይሁን። አዛውንቱ በገዛ ታክሲ ገንዘባቸው ደብዳቤ አያመላልሱ። ካልተቀበላቸውም ምክንያቱን ጽፎ ይስጣቸው። የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጁ 1183/2012 የአስተዳደር ውሳኔ በጽሑፍ ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ይላል። የሰቃ ጨቆርሳው ሰውዬ ማመልከቻ ጥግ ላይ በእርሳስ «ማስረጃ ይሟላ» የሚል ብቻ ተጽፎበታል። የትኛው ማስረጃ? ከማን? ይህን ጽፈው ይፈርሙበት፤ የት ይግባኝ እንደምንል እናውቃለን።

የቀድሞ የሻለቃ ጸሐፊ
ከጅማ፣ ሄርማታ