የእህቴ በጎች የት ተቆጠሩ?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ደሴ ውስጥ በመዝገብ ቤት ሠራተኝነት 23 ዓመት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ፋይል ያልተከፈተለት ጉዳይ እንዳልተፈጠረ እንደሚታይ ከሥራዬ አውቀዋለሁ። ስለዚህ «ወንጀል ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ሲነጻጸር በዚህን ያህል በመቶ ቀንሷል» የሚል ሪፖርት በሰማሁ ቁጥር የቀነሰው ወንጀሉ ነው ወይስ ፋይሉ እላለሁ።

አምና አረፋ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከከተማው ወጣ ብላ ከምትኖረው እህቴ በረት ሁለት በጎች ተሰረቁ። አንዱ ለእኔ ቤት የታሰበ ነበር። ጣቢያ ሄዳ ስታመለክት «የጠረጠርሽው ሰው አለ? ምስክርስ?» አሏት። የለም ብትል «አጣሪና ተመለሺ» ተብላ ወጣች፤ አልተመለሰችም። ነገሩን አበጋሩ፣ የአካባቢያችን የእርቅ ሽማግሌ፣ ያዘው። በአራተኛው ቀን አንዱ በግ መጣ፣ የሌላው ዋጋ ተከፈለ፣ ቡና ተፈልቶ ዱዓ ተደረገ፣ አለቀ። በእርቁ ቅር አላለኝም። ስርቆቱ ግን በማንም ሪፖርት ውስጥ የለም።

«ተመሳሳይ ወቅት» የሚሉትም ነገር አይገባኝም። በእኛ አካባቢ የበግ ሌባ የሚበረታው በዓል ሲቃረብ ነው። አረፋ ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ይላል። በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ 2 ዋለ፤ በቀጣዩ ዓመት ሰኔ 21። የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 ስለሚጀምር የ2015 በጀት ዓመት ሁለት አረፋ ነበረው ማለት ነው! (የመዝገብ ቤት ሰው ቀን መቁጠር አይተውም፤ ታገሱኝ።) ያንን ዓመት ከፊቱ ወይም ከኋላው ካለው ጋር ያነጻጸረ ሰው ይህን አስቦበት ይሆን?

ደግሞ ሰው የሚያከብር፣ አቤቱታ ተቀብሎ የሚመዘግብ መርማሪ አንድ ጣቢያ ቢመደብ ሰው ደፍሮ ይሄዳል፣ ፋይሉም ይበዛል። በሪፖርቱ ግን «ወንጀል ጨመረ» ይባልበታል። እንዲህ ከሆነ የሚመሰገነው ባለጉዳይ የሚመልሰው ነው።

ሌላ አገር ቤት ለቤት ይጠይቃሉ። እንግሊዝና ዌልስ ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ባለፈው ዓመት ምን ደረሰባችሁ? ለፖሊስ ነገራችሁ?» እያሉ ከፖሊስ መዝገብ ውጭ ይቆጥራሉ። እኛም ብንሆን አንችልም አይባልም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሴቶችን ቤታቸው ድረስ ሄዶ ጠይቆ፣ አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ እርዳታ እንዳልጠየቁ፣ ለማንም እንዳልተናገሩ አሳይቶናል። ይህን የመሰለ ነገር በፖሊስ መዝገብ አይገኝም።

የስታትስቲክስ አገልግሎት ወደ ቤታችን ሲመጣ ስለ ስርቆትና ስለ ድብደባም ሁለት ሦስት ጥያቄ ይጨምር። ፖሊስም መቶኛውን ሲነግረን የአምናውንና የዘንድሮውን የፋይል ቁጥር አብሮ ይንገረን። እህቴን የሚጠይቃት ቢመጣ የበጎቹን መልክ ሳይቀር ትነግረዋለች።

የጡረታ ባለመብት
ከደሴ