ስለ ድመቶች የሽንት ፊኛ ጠጠር ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሽንት አልወጣ ያላትን ድመት ይዛችሁ ስትመጡ መርፌ ወግተን ከመሸኘት ይልቅ የሽንት ምርመራና ራጅ ለምን እንደምናዝዝ ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁን፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ለማስረዳት ወደድን።

አሸዋዋ ላይ እየተመላለሰች የምታምጥና ደም የቀላቀለ ጠብታ ብቻ ትታ የምትነሣ ድመት ጠጠር ሊኖራት ይችላል፤ ሆኖም ይህንኑ ምልክት ከሚያሳዩት ድመቶች አብዛኞቹ ጠጠር የለባቸውም፤ ያለባቸው መንስኤው በውል ያልታወቀ፣ ጭንቀት የሚያባብሰው የፊኛ መቆጣት ነው። በወጣት ድመቶች ላይ ባክቴሪያ የሚገኘው አልፎ አልፎ በመሆኑ፣ አንቲባዮቲክ በግምት መስጠትን አንደግፍም። በሽንት ውስጥ ክሪስታል (በአጉሊ መነጽር የሚታይ ጥቃቅን የማዕድን ቅንጣት) መታየቱም ብቻውን የጠጠር ማስረጃ አይሆንም፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያደረ ሽንት ራሱ ክሪስታል ስለሚሠራ፣ ናሙናው ትኩስ እንዲሆን አደራ እንላለን።

በራጅ ላይ ጠጠሩ ምስር የሚያካክል ነጭ ነጥብ ሆኖ ይታያል። በብዛት የሚያጋጥሙት ሁለት ዓይነቶች፣ ስትሩቫይትና ካልሲየም ኦክሳሌት፣ በራጅ ስለሚመሳሰሉ የሽንቱን አሲዳማነትና የድመቷን ዕድሜ ጨምረን እንገምታለን። ስትሩቫይት ከማግኒዚየም፣ ከአሞኒየምና ከፎስፌት የተሠራ ሲሆን፣ ለዚሁ በተዘጋጀ ምግብ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሟሟል። ስለዚህ ስትሩቫይት ነው ብለን ስንገምት፣ ሽንቷም ካልታገደ፣ ቢላ ከማንሣታችን በፊት ምግቡን እንሞክራለን፤ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜም ራጁን እንደግማለን። በዚህ መሐል ከማዕድ የተረፈ ቁራሽ እንኳ ሳይጨመርባት ያንኑ ምግብ ብቻ መብላት ይኖርባታል፤ ሕክምናው ሲከሽፍ ያየነው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ካልሲየም ኦክሳሌት ግን በምግብ ስለማይሟሟ፣ ትልልቁን በቀዶ ጥገና እናወጣለን። የትኛውም ዓይነት ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል፣ እርጥብ ምግብ መስጠትና ውኃ እንድትጠጣ ማበረታታት ከሕክምናው በኋላም መቀጠል አለበት።

ወንድ ድመት የሽንት ቧንቧው ጠባብ ስለሆነ ጠጠር ሙሉ በሙሉ ሊዘጋበት ይችላል። እያማጠ ምንም ካልወጣው፣ ካስመለሰው ወይም ከደከመ፣ የሆድ ድርቀት ነው ብላችሁ አታሳድሩት፤ በደሙ ውስጥ የሚከማቸው ፖታሲየም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ልቡን ሊያቆመው ስለሚችል፣ ሌሊትም ቢሆን በአቅራቢያችሁ ወዳለ የእንስሳት ሐኪም አድርሱት። በመንገድ ላይም ሕመሙን ለማስታገስ ብላችሁ ፓራሲታሞል እንዳትሰጡት፤ ለድመት መርዝ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የክሊኒኩ ሐኪሞች