ከሐዲድ የወረደች ካሜራ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከፊላደልፊያ የላክሽው ቪዲዮ ደርሶናል። እናትሽ «በዚያ ብርድ ያለ ጃኬት!» ብላ ስትቆጣ፣ እኔ ደግሞ ስልኩን ይዤ ደጋግሜ ሳየው አመሸሁ። አትቀየሚኝና ያየሁት ያንቺን ሩጫ አልነበረም። ከኋላሽ ደረጃውን እየወጣች የቀረጸችሽን ጓደኛሽን ነው። ሰው እየሮጠ፣ ያውም ደረጃ እየወጣ፣ ምስሉ እንዲህ ሲረጋ! በትከሻው ካሜራ ተሸክሞ ያረጀ ሰው ይህን ዝም ብሎ አያልፈውም።

«የሮኪ ደረጃ ነው» ብለሻል፤ ልክ ነሽ፣ ተዋናዩ ስታሎን «ሮኪ» በተባለው የቦክሰኛ ፊልም ላይ የሮጠበት የሥነ ጥበብ ሙዚየሙ ደረጃ ነው። ግን ከሮኪ በፊት እዚያው ደረጃ ላይ የሮጠች አንዲት ሴት ነበረች። ፊልም ሥራ ልገባ ነው፣ ጊምባል (ያ በእጅ የሚያዘው ካሜራ ማረጋጊያ) ልግዛ ወይ ብለሽ ለጠየቅሽኝም መልሴ ከእሷ ይጀምራል።

እሷን እየተከተለ የቀረጻት የፊላደልፊያ ሰው ነው፤ ጋሬት ብራውን ይባላል፣ ስቴዲካም የተባለውን የካሜራ ማረጋጊያ የፈጠረው እሱ ነው። መጀመሪያ ጊታር ይዞ የሚዘፍን ነበር፣ ኋላ ማስታወቂያና አጫጭር ፊልም ወደ መሥራቱ ዞረ። ቀረጻ ላይ አንድ ነገር ያበግነው ነበር። ካሜራዋ ሰው በእጁ የሚይዛት ሆና ሳለች፣ እሷን የሚያንቀሳቅሰው ዶሊ ወደ 360 ኪሎ ይመዝናል። ዶሊ ማለት እንግዲህ ጋሪ ነው። ካሜራ እንድትራመድልሽ ከፈለግሽ ሐዲድ ታነጥፊያለሽ፣ መሬቱ ከጎረበጠ በእንጨት ትደለድያለሽ፣ የሚገፋ ሰው ትቀጥሪያለሽ። ደረጃ ከመጣ ነገሩ አበቃ። ሐዲዱ ምስሉ ውስጥ እንዳይገባ ካሜራዋ ወዴት እንደማትዞር፣ ተዋናዩም የት እንደሚቆም አስቀድሞ ይወሰናል። ይህ ሁሉ ካልሆነልሽ በትከሻ ትይዣታለሽ፤ ያኔ ምስሉ ይንቀጠቀጣል።

ልብ በይ፣ አንቺ ያን ደረጃ ስትወጪ ራስሽ ከፍ ዝቅ ሲል ነበር፤ ሕንፃው ሲዘል ግን አላየሽም። አእምሮሽ ያረጋጋዋል። ካሜራ ይህ የላትም። ስለዚህ ብራውን መፍታት የነበረበት እንቆቅልሽ፣ ሰውየው ካሜራዋን ተሸክሞ እየሄደ ከሰውየው አካል እንዴት ትለያለች የሚል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ብዙ ሞካክሮ፣ በመጨረሻ ሞቴል ውስጥ ራሱን ዘግቶ የደረሰበት መልስ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ካሜራዋ በአንድ ዘንግ አናት ላይ ትቀመጣለች፤ ባትሪውና ትንሽ ሞኒተር ከታች ይታሰራሉ። ክብደቱ እንዲህ ከመሃል ሲራራቅ ዘንጉ በትንሽ ግፊት አይወዛወዝም። ሚዛኑ በሚያርፍበት ቦታ አጠገብ በሁሉም አቅጣጫ የሚዞር መጋጠሚያ አለ። ዘንጉን ደግሞ ስፕሪንግ ያለው ክንድ ይይዘዋል፤ ክንዱ ክብደቱን ወደ ላይ እየደገፈ የእርምጃውን ከፍታና ዝቅታ ይውጠዋል። ክንዱ ሰውየው ከለበሰው ሰደርያ ጋር ይያያዛል፣ ሸክሙም ከትከሻ ይልቅ ወገብና ዳሌ ላይ ያርፋል። እንስራ አዝላ ዳገት የምትወጣ ሴት አስቢ፤ ሰውነቷ ይሠራል፣ ውሃው ግን አይፈስም። ሰውየው ዓይኑን ከካሜራዋ ላይ አንስቶ ሞኒተሩን ያያል፣ የሚመራትም በጣቶቹ ጫፍ ነው። ጠበቅ አድርጎ ከያዛት የእጁ መንቀጥቀጥ ይጋባባታል።

ፓተንቱ እስኪወጣለት ድረስ መሣሪያውን ደብቆ፣ መሣሪያው የሚሠራውን ብቻ የሚያሳይ አጭር ፊልም አዘጋጀ። ያየ ሁሉ «ይህ እንዴት ተነሳ?» የሚልባቸው ሾቶች ናቸው፤ ሾት ማለት ሳይቆረጥ በአንድ ጊዜ የተነሳ ምስል ነው። በአንዱ ላይ ኋላ ሚስቱ የሆነችው ኤለን የሙዚየሙን ደረጃ ትወርዳለች፣ መልሳም ትወጣለች፤ እሱ ይከተላታል። ጆን አቪልድሰን የተባለው ዳይሬክተር ይህን አይቶ ደረጃው የት እንደሚገኝ ጠየቀ። ቀሪውን ታውቂዋለሽ፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ስታሎን እዚያው ወጣ፣ ከካሜራዋም ጋር የነበረው ያው ብራውን ነው።

ያንኑ የብራውንን አጭር ፊልም ዳይሬክተሩ ስታንሊ ኩብሪክም እንግሊዝ አገር ሆኖ አይቶት ነበር። መሣሪያውን ስቴዲካም ብሎ ማምረት ለጀመረው ለሲኒማ ፕሮዳክትስ ኩባንያ በቴሌክስ የጽሑፍ መልእክት ላከ። ካደነቀ በኋላ፣ አንድ ቦታ ላይ የመሣሪያው ጥላ መሬት ላይ ይታያልና ቁረጡት፣ ምሥጢራችሁ ይወጣል አላቸው። ከዚያ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ከመሬት ምን ያህል ዝቅ ሊል ይችላል? ዓይን ይሉሻል ይሄ ነው። ሌላው ሰው በረጋው ምስል ሲደነቅ፣ እሱ ካሜራዋ ገና ወዳልሄደችበት ከፍታ ሄዷል።

ለትልቅ ፊልም መጀመሪያ የተሠራበት «ባውንድ ፎር ግሎሪ» ላይ ነው። ብራውን ክሬን ላይ ተቀምጦ ከላይ ጀመረ፣ ክሬኑ ወደ መሬት ሲደርስ ወረደ፣ ከዚያም በመቶ በሚቆጠሩ አጃቢ ተዋንያን መካከል ዋናውን ተዋናይ ተከትሎ ገባ። ሁሉም በአንድ ሾት። ያን ፊልም ያነሳው ሃስኬል ዌክስለር በካሜራ ሥራ (በሲኒማቶግራፊ) ኦስካር ወሰደ፣ ለብራውንና ለኩባንያውም እ.ኤ.አ. በ1978 ለፈጠራው ኦስካር ተሰጠ።

ሰው ስለ ስቴዲካም ሲያወራ «ምስሉን አረጋጋ» ይላል። እኔ ይህን አልቀበልም። ሐዲድም ያረጋጋ ነበር፣ ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ፣ ትራይፖድማ፣ ከሁሉ በላይ። የተለወጠው መንገዱን የሚመርጠው ማን ነው የሚለው ነው። ድሮ ወለሉ ይመርጥልሽ ነበር፤ አሁን የሚራመደው ሰው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውን «ጉድፌላስ» የተባለ ፊልም እስቲ እንደገና እዪው። ወንዱና ሴቷ ከመንገድ ተነስተው በጓሮ በር ይገባሉ፣ ደረጃ ይወርዳሉ፣ በወጥ ቤቱ መሃል ያልፋሉ፣ መጨረሻ ላይ መድረኩ ፊት ለፊት ጠረጴዛ ይቀርብላቸዋል። ካሜራዋ ለአንዲት ሰከንድ እንኳ አልተቆረጠችም። ላሪ ማኮንኪ ነው የተሸከማት። እሱ ከኋላ ሆኖ አስተናጋጁ መቼ እንደሚያልፍ፣ በሩ መቼ እንደሚከፈት ከተዋንያኑ እኩል ማወቅ አለበት። የማይታይ ተዋናይ ነው ብል አላጋነንኩም።

የኩብሪክ ጥያቄ መልስ ያገኘው ራሱ በሠራው «ዘ ሻይኒንግ» በተባለው አስፈሪ ፊልም ላይ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1980። ልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌቱን እየነዳ በባዶው ሆቴል ኮሪደር ይዞራል፤ ሌንሱ ከኋላው ወለሉን ሊነካ ምንም አልቀረው። ብራውን ለዚህ ሾት በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ እየተገፋ ነበር። መንኮራኩሩ እንጨት ላይ ሲሄድ ይጮኻል፣ ምንጣፍ ላይ ሲወጣ ጸጥ ይላል፣ ደግሞ ይጮኻል። ምንም ነገር ሳይፈጠር ሰውነትሽ ይሸማቀቃል። ልስላሴው ራሱ ነው የሚያስፈራው፤ የሚከተለው ሰው አይመስልማ። በእጅ ተይዛ ቢሆን ኖሮ እንደዚያ የምንፈራ አይመስለኝም። ኩብሪክ አንዱን ሾት ደጋግሞ በማስነሳት የታወቀ ነው፣ ብራውንም አሠራሩን ያጠራው በዚያ ድግግሞሽ ነው።

ሌላም አለ፤ «ሪተርን ኦቭ ዘ ጄዳይ» በተባለው የስታር ዎርስ ፊልም ላይ ተዋንያኑ በዛፎች መካከል በረው ሲያልፉ የምታዪው፣ ብራውን በሰሜን ካሊፎርኒያ ጫካ በእግሩ ሲራመድ ነው። ካሜራዋ በሰከንድ አንድ ምስል እንኳ ሳትሞላ ታነሳለች፣ ሲኒማው በሰከንድ 24 ያሳያል፤ እርምጃው በረራ የሚመስለው ለዚህ ነው። «ሩሲያን አርክ» የተባለው ፊልም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ታኅሣሥ ሴንት ፒተርስበርግ በሚገኘው በሄርሚታዥ ሙዚየም፣ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በአንድ ሾት ተቀረጸ። ጀርመናዊው ቲልማን ቡትነር ያን ሁሉ ደቂቃ ስቴዲካሙን ተሸክሞ ቆየ። ሳስበው ወገቤን ያመኛል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ዛሬ የሚሸጠው ጊምባል ሞተር ያለው ነው፤ ካሜራዋ ወዴት እንዳዘነበለች ሴንሰር ይነግረዋል፣ ሞተሮቹ ወዲያው ይመልሷታል። ጥሩ ነገር ነው። ግን የሚያስተካክለው መዞርና ማዘንበልን እንጂ ከፍ ዝቅ ማለትን አይደለም። ያንን የሚውጠው የስፕሪንጉ ክንድ ነው፣ አንቺ ልትገዢ ባሰብሽው ላይ ግን ክንድ የለም። ስለዚህ የአንቺ ጉልበት ስፕሪንግ መሆን አለበት፦ ጉልበትሽን አጠፍ፣ ተረከዝሽን ቀድሞ መሬት አሳርፈሽ እስከ ጣትሽ ማንከባለል። ስልክማ ምስሉን ከዳር ከዳር እየቆረጠ በስሌት ስለሚያረጋጋ፣ ብርሃን ሲያንስ ይታወቅበታል። ቪዲዮሽ መጨረሻ ላይ ከጀርባሽ ያሉት ምሰሶዎች ሲርገበገቡ አላየሽም?

አንድ ነገር ደግሞ ልማረር። እዚህ አዲስ አበባ የሠርግ ቀራጮቻችን ጊምባል ከያዙ ወዲህ ሙሽሮች ቆመው አያውቁም። ካሜራዋ ዙሪያቸውን ስትዞር፣ ሽማግሌው ሲመርቁ በጀርባቸው ስታልፍ፣ ምርቃቱ ሳያልቅ ወደ ጣሪያው መብራት ስትወጣ! ፊታቸውን ያየ የለም። አዛውንት ሲመርቁ ትራይፖድ ይበቃል። ጓደኞችሽ ያረጀ አስተያየት ቢሉም ግድ የለኝም።

ስለዚህ አሁን አትግዢ። ቅዳሜና እሑድ ተከራይና አንዲት ጓደኛሽ ገበያ ስትወጣ ከኋላም ከፊትም ሆነሽ ተከተያት፤ ስትቆም ቁሚ፣ ስትዞር ካሜራዋ ከእሷ ትንሽ ዘግይታ ትዙር። ሰደርያና ክንድ ያለውን ትልቁን ስቴዲካም የሚያስተምር ሰው ካገኘሽ ግን ክፍያውን እኔ እልካለሁ። ቀጭን ነኝ ብለሽ አትፍሪ፣ ሸክሙ ዳሌ ላይ ነው፤ ሰደርያው በልክሽ ይጥበቅ ብቻ። የቀረጽሽውን ሳትቆርጪ ሙሉውን ላኪልኝ፣ የተበላሸውንም ጭምር።

እናትሽ ጃኬቱን አስታውሺ ብላለች።

የሚወድሽ አባትሽ